ግዙፉ ቢወድቅ

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2001 ምሽት፣ ፓናማ ሲቲ ቢች በምትባል የፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ሬስለሮቹ ስቲንግና ሪክ ፍሌር ደብሊው ሲ ደብሊው በተባለው የሬስሊንግ ኩባንያ ሪንግ ውስጥ ተፋጠጡ። ፍሌር እንደ ወትሮው ደረቱን ገልጦ አልመጣም፤ ቲሸርቱን እንደ ለበሰ ታገለ። ስቲንግ አሸነፈ፤ ከዚያም ሁለቱ ተቃቀፉ። «ናይትሮ» የተባለው የኩባንያው የሰኞ ምሽት ፕሮግራም ከአምስት ዓመት ተኩል በፊት ሲጀመርም እነዚሁ ሁለቱ ተጋጥመው ነበር። ያን ዕለት ግን ፕሮግራሙ ማብቃቱ ነበር። የተፎካካሪው ኩባንያ አለቃ ቪንስ ማክማን ደብሊው ሲ ደብሊውን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ በዚያው ሌሊትም በራሱና በተሸናፊው ጣቢያ በአንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ሲፎክር አመሸ።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሬስሊንግ ሲባል በተግባር አንድ ኩባንያ ማለት ሆነ፤ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው። ከዚያ ወዲህም በሬስሊንግ ወዳጆች ዘንድ አንድ ምኞት ደጋግሞ ይሰማል፤ ይህ ግዙፍ ቢወድቅ ጥበቡ ይተነፍስ ነበር የሚል። ምኞቱን ንቄ ልተወው አልቻልኩም፤ እንዳለ ልቀበለውም አልደፈርኩም። ስለዚህ መጀመሪያ ክሱን መስማት መረጥኩ።

መዝገቡ ወፍራም ነው። ማክማን የአባቱን ድርጅት በ1982 ሲገዛ የአሜሪካ ሬስሊንግ በየአካባቢው የተከፋፈለ ነበር። ሜምፊስ የራሱ ፕሮሞተር፣ የራሱ ቀበቶና ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ የሚተላለፍ የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ ሚኒያፖሊስ፣ ዳላስና ፖርትላንድም የየራሳቸው ነበራቸው። አንዱ በሌላው ግዛት ገብቶ ትኬት አይሸጥም። ማክማን ይህን የቃል ስምምነት ጥሶ ገባ። ሃልክ ሆጋንን ከሚኒያፖሊሱ ቨርን ጋኘ ወሰደበት፤ ፕሮግራሙን በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች አከፋፈለ፤ በ1985 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሬስልማኒያ የተባለውን ትልቅ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጀ። የጋኘ ድርጅት በ1991 ተዘጋ። የቀሩትም አንድ በአንድ ከሰሙ።

ከባዱ ክስ ግን የተፋላሚዎቹ ነው። ለአንድ ኩባንያ ብቻ እየሠሩ በውላቸው ላይ የኩባንያው ሠራተኛ ሳይሆኑ «ነጻ ተቋራጭ» ተብለው ይሰፍራሉ። በ1986 ከሁለተኛው ሬስልማኒያ በፊት ጄሲ ቬንቹራ ባልደረቦቹን ማኅበር እናቋቁም ብሎ ሲቀሰቅስ ወሬው ማክማን ጆሮ ገባ። ማን እንዳደረሰው የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ቬንቹራ ኩባንያውን ከስሶ ማክማን በመሐላ ቃሉን ሲሰጥ፣ የነገረኝ ሃልክ ሆጋን ነው አለ። ቬንቹራ ኋላ የሚኒሶታ ግዛት ገዥ እስከ መሆን ደረሰ፤ ሬስለሮቹ ግን ዛሬም ማኅበር የላቸውም። በ2020 ደግሞ፣ ወረርሽኙ አዳራሽ ባዘጋበት ዓመት፣ ኩባንያው ብዙዎችን ካሰናበተ በኋላ የቀሩትን እንደ ትዊች ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች ላይ በግላቸው ከሚሠሩት ሥራ እንዲወጡ አዘዘ። ነጻ ተቋራጭ ናችሁ ያላቸውን ሰዎች መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያው በ1989 ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ለመውጣት ሲል፣ የሚያሳየው ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን ለኒው ጀርሲ ባለሥልጣናት በግልጽ አመነ። «ውሸት ነው እኮ» እያለ ለሚያሾፍ ሰው ይህ ሳቅ ነው፤ ለሬስለሩ ግን እንደ ቦክሰኛ የሚጠብቀው ኮሚሽን፣ እንደ ፊልም ተዋናይ የሚቆምለት ማኅበር የሌለበት ክፍት ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ ይውደቅ ለማለት ይቃጣኛል። የሚይዘኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከማክማን በፊት የነበረው ዓለም ነጻ ነበር ወይ?

አልነበረም። በ1948 ዋተርሉ በተባለች የአዮዋ ከተማ ጥቂት ፕሮሞተሮች ተሰብስበው ኤን ደብሊው ኤ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ አገሩን ተካፍለው፣ ሁሉም የሚቀበሉት አንድ ሻምፒዮን አቁመው ይሠሩ ጀመር። አንዱን ፕሮሞተር ያስቀየመ ሬስለር የሌሎቹም በር ይዘጋበት ነበር። ነገሩ ገፍቶ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1956 ማኅበሩን ከዚህ አሠራር የሚያግድ ስምምነት አስፈረመው። እርግጥ ሜምፊስ የሰለቸው ሰው ፖርትላንድ ሄዶ በሌላ ስም እንደ አዲስ መጀመር ይችል ነበር፤ ሙያውንም ያጠራው ይህ መዘዋወር ነው። ናፍቆቱ ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ትልቅ አለቃ በሃያ ትንንሽ አለቆች ሲተካ የሬስለሩ ኪስ ይሞላል የሚል ማስረጃ ከዚያ ዘመን አላገኘሁም።

ማስረጃው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1995 የመጀመሪያው ናይትሮ ሚኒሶታ ውስጥ ከአንድ የገበያ አዳራሽ፣ ሞል ኦፍ አሜሪካ ከሚባለው፣ ሲተላለፍ ሌክስ ሉገር ድንገት ብቅ አለ። በዋዜማው በማክማን ኩባንያ ትርኢት ላይ ሲታገል ያመሸ ሰው ነው። ውሉ አልቆ ነበር፤ የሚሄድበት ሌላ ቤት ነበረው፤ ሄደ። በ1996 ስኮት ሆልና ኬቪን ናሽ ተከተሉት፤ የደብሊው ሲ ደብሊው ባለቤት የቴድ ተርነር ገንዘብ ደመወዛቸውን ቁርጥ አድርጎ ይከፍል ነበርና። ማክማን በፊናው ብሬት ሃርትን ላለማጣት የ20 ዓመት ውል አቀረበለት፤ በዓመቱ ግን ልከፍልህ አልችልም ብሎ ተወው። ናይትሮ ከሰማንያ ሳምንት በላይ በተከታታይ በተመልካች ብዛት ረታ። የተጨነቀው ማክማን ስቲቭ ኦስተንን ወደ ፊት አመጣ፤ ራሱንም ክፉ አለቃ አድርጎ ሪንግ ውስጥ አስገባ። ሬስሊንግን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያን ያህል ሰው ያየበት ዘመን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የጠቀመው የአንዱ መውደቅ ሳይሆን የሁለቱ መቆም ነበር።

ታዲያ አንዱ ሲወድቅ ምን ሆነ? ደብሊው ሲ ደብሊው በ2000 በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር መክሰሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የገደለው ኪሳራው ብቻ አይደለም። የኩባንያው የቀድሞ ኃላፊ ኤሪክ ቢሾፍ ባለሀብቶች ይዞ ሊገዛው እየተደራደረ ነበር። በዚያ መሃል የተርነር ጣቢያዎች አዲሱ ኃላፊ ጄሚ ኬልነር ሬስሊንግ ከነጭራሹ ከጣቢያዎቻችን ይውጣ ብሎ ወሰነ። የአየር ሰዓት የሌለው የሬስሊንግ ኩባንያ ስምና አሮጌ ካሴት ብቻ ነው፤ የቢሾፍ ባለሀብቶችም ሸሹ።

ተመልካቹ ወደ ማክማን ይሻገራል ተብሎ ነበር፤ ብዙው አልተሻገረም። እንዲያው ማየቱን ተወ። የሰፈር ወፍጮ ቢበላሽ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ዱቄት ግድ ነውና። ሬስሊንግ ለማንም ግድ አይደለም። የሰኞ ማታ ልማዱ የተቋረጠበት ሰው ሌላ ሬስሊንግ ከመፈለግ ይልቅ ጣቢያ ይቀይራል።

ተሟጋች ግን ዝም አይልም፤ የወደቀው ሁለተኛው እንጂ አንደኛው አይደለም፣ አንደኛው ቢወድቅ ነገሩ ሌላ ነው ይለኛል። ልክ ነው። አንደኛው ሲወድቅ ምን እንደሚመጣ አሜሪካ አላየችም፤ ስለዚህ ወደ ሌሎች አገሮች ማየት ነበረብኝ።

ብሪታንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጆይንት ፕሮሞሽንስ የሚባል የፕሮሞተሮች ጥምረት ነበራት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአይ ቲ ቪ የሚታየውን ሬስሊንግ ለዐሥርት ዓመታት ይዞ ኖረ። ሆዱ እንደ በርሜል የነበረው ቢግ ዳዲ የአገር ጀግና ነበር፤ የሚገርመው ጥምረቱን የሚመራው ወንድሙ መሆኑ ነው። ጥምረቱ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ዓመታቱ ሰዓቱን ለሌሎች ለማካፈል ተገደደ። በ1988 መጨረሻ ደግሞ አይ ቲ ቪ ሬስሊንግን ጨርሶ ከፕሮግራሙ አወጣው። ከሥሩ ሊበቅሉ የተዘጋጁ ነበሩ፤ አልበቀሉም። ሙያው ወደ ከተማ አዳራሾችና ወደ ሠራተኞች የዕረፍት መንደሮች ተመለሰ፤ ባዶውን ቦታ በሳተላይት የመጣው ማክማን ሞላው። በ1992 ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ ዌምብሌይን ሞልቶ ዴቪ ቦይ ስሚዝን ሲያበረታታ ትኬቱን የሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ስሚዝ ገና በልጅነቱ በዚያው የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ የታገለ የእንግሊዝ ልጅ ነው።

ጃፓን ተቃራኒውን ትናገራለች። ሬስለሩ ሪኪዶዛን የመሠረተው ድርጅት እርሱ በ1963 በስለት ተወግቶ ከሞተ በኋላም አገሩን ይዞ ቀጠለ። በ1971 መጨረሻ አንቶኒዮ ኢኖኪን አባረረ፤ ኢኖኪም በ1972 ኒው ጃፓንን መሠረተ። በዚያው ዓመት ጃያንት ባባ ወጥቶ ኦል ጃፓንን አቋቋመ። አሮጌው ድርጅት በ1973 ተዘጋ፤ ግን ማንም ባዶ ሜዳ አልተረከበም። አውራዎቹ ሁለቱ ኮከቦች አስቀድመው ወጥተዋል፤ ሁለቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም እያንዳንዳቸው አንዱን ተከትለዋል። ተመልካቹ በለመደው ጣቢያ የለመደውን ፊት አገኘ፤ የተቀየረው የፕሮሞተሩ ስም ብቻ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች ለዐሥርት ዓመታት እየተፎካከሩ የሠሩት ሬስሊንግ ዛሬም ድረስ ይጠናል።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ መጀመሪያ የያዝኩት ጥያቄ ራሱ ይዛነፍብኛል። ግዙፉ ይውደቅ አይውደቅ ከማለት በፊት የሚጠየቀው፣ ሲወድቅ የአየር ሰዓቱና ሰዎቹ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ መልሱ ኤ ኢ ደብሊው ሊሆን ይችላል። በ2018 ኮዲ ሮድስና ያንግ ባክስ የሚባሉት ወንድማማቾች በራሳቸው ገንዘብ ቺካጎ አጠገብ ባዘጋጁት ትርኢት ከ11,000 በላይ ሰው አስገቡ። በዓመቱ ቶኒ ካን ከቤተሰቡ ሀብት ጋር ተጨመረና ኩባንያው ተቋቋመ፤ ፕሮግራሙም በኦክቶበር 2019 ናይትሮን ባባረረው በዚያው ቲ ኤን ቲ ጣቢያ ጀመረ። በ2023 ዌምብሌይን ሞላ። ከዚያ ወዲህ ሬስለሩ መደራደሪያ አገኘ። ሮድስ ራሱ በ2022 ወደ ደብሊው ደብሊው ኢ ተመልሶ በ2024 ዋናውን ቀበቶ አጠለቀ፤ ሲ ኤም ፓንክም ከኤ ኢ ደብሊው በተሰናበተ ሦስት ወር ሳይሞላው ቀድሞ አኩርፎ ከሄደበት ቤት ገባ። አሠሪ ሲያኮርፍበት በር የሚዘጋበት ሰው እንዲህ አይመላለስም።

ግን ኤ ኢ ደብሊው ብቻውን ሸክሙን ይችላል? ሲጀመር ኮከቦቹ የነበሩት ክሪስ ጄሪኮም ሆነ ጆን ሞክስሊ ስማቸው የገነነው በግዙፉ ቤት ነው። ደግሞ ሬስሊንግ ባልተወለደባቸው አገሮች መጀመሪያ የሚደርሰው ይኸው ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሬስሊንግ የሚያወራ ልጅ ጆን ሲናንና አንደርቴከርን ይጠራል እንጂ ኢኖኪን አይጠራም። ያ ልጅ የቶኪዮን ሬስሊንግ አንድ ቀን ቢያገኝ እንኳ በዚያው በር አልፎ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። ደብሊው ደብሊው ኢ ከ2023 ጀምሮ ከፍልሚያ ስፖርት ኩባንያው ከዩ ኤፍ ሲ ጋር ቲ ኬ ኦ በሚባል ድርጅት ሥር ነው። ማክማን ከባድ ክስ ቀርቦበት በጃንዋሪ 2024 ለቋል፤ ኩባንያው ግን ያለ እርሱ ቀጥሏል። የሳዑዲ ዓረቢያ የዐሥር ዓመት ውል ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሰኞ ምሽት ፕሮግራሙ «ሮው» ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የዐሥር ዓመት ውል ኔትፍሊክስ ላይ ይታያል። በዚያው ዓመትም የሜክሲኮውን የሬስሊንግ ድርጅት ኤ ኤ ኤ ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ይህ ሁሉ ቢፈርስ ገንዘቡ ለቀሩት የሬስሊንግ ድርጅቶች ይከፋፈላል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል፤ ኬልነር በ2001 ያስለቀቀው ሰዓት ለሌላ ሬስሊንግ አልተሰጠም። የሬስለሩም የሕግ አቋም የሚቀየረው ስለ «ነጻ ተቋራጭ» የሚወስን ሕግ ሲወጣ ነው፤ አንድ ኩባንያ ሲከስም ቀጣዩ ያንኑ ውል አባዝቶ ያስፈርመዋል።

ስለዚህ እንዲወድቅ አልመኝም፤ ሲወጡበት የማይፈራ ቤት እንዲሆን ግን እመኛለሁ። በኔትፍሊክስ ውል ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ አንቀጽ አለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኔትፍሊክስ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ያ ጊዜ በ2030 መባቻ ይደርሳል። እስከዚያ ኤ ኢ ደብሊው በቴሌቪዥን ላይ ጸንቶ ከቆየ፣ ማቋረጡ ቢመጣም ከዋክብቱና ተመልካቹ እንደ ጃፓኖቹ የሚሻገሩበት ቦታ ይኖራቸዋል። እርሱም ከሌለ የሚሆነውን ለመገመት የብሪታንያን 1989 ማየት ይበቃል።