ፍናፍንት ሆኖ ስለ ተወለደ ውሻ

አማርኛችን ፍጥረትን ወንድ ወይም ሴት ብሎ ካልለየ በቀር ለመናገር ይቸገራል። ውሻን እንኳ ስንጠራ «ና» ወይም «ነይ» እንላለን። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱም በትክክል የማይስማማው እንስሳ ቢወለድ ምን ይደረጋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መጠሪያ ያጣንለትን ፍጥረት የምንይዝበት መንገድ ጠባያችንን ይገልጠዋል።

ከዓባይ ሸለቆ በላይ፣ በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ፣ ውሻ ከብትንና ቤትን ከጅብ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ሴት መስላ ያደገች ቡችላ ኋላ የወንድ የሚመስል ብልት ብታወጣ፣ ጎረቤት ባለቤቱን «ክፉ ምልክት ነው፤ አባራት» ይለው ይሆናል። እኔ ግን ምልክትን ከመፍራት አስቀድሞ ምክንያትን መመርመር ይገባል እላለሁ።

የውሻ ገላ በየሕዋሱ 78 ክሮሞሶም አለው። ከእነዚህ ሁለቱ ጾታን የሚመለከቱ ሲሆኑ ለሴት ኤክስ ኤክስ፣ ለወንድ ኤክስ ዋይ ይባላሉ። በዋይ ላይ ያለውንና የወንድ ፍሬ እንዲሠራ የሚያደርገውን ዘረ መል ሊቃውንት ያገኙት በ1982 ዓ.ም. ነው። ሆኖም አንዳንድ ውሻ ኤክስ ኤክስ ሆኖ፣ ያ ዘረ መል ሳይኖረው የወንድ ፍሬ ያበቅላል፤ ኮከር ስፓንየል በሚባለው ዘር ይህ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ሚኒያቸር ሽናውዘር በሚባለው ዘር ደግሞ ማሕፀን ያለው ወንድ ይወለዳል። ገበሬም ይህን የመሰለ ነገር በከብቶቹ ሊያይ ይችላል፤ ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር፣ በማሕፀን ሳሉ የደም ሥሮቻቸው ስለሚገናኙ፣ ብዙውን ጊዜ መሲና ትሆናለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ የአፈጣጠር ነገር ነው እንጂ እርግማን አይደለም።

ደኅና የእንስሳት ሐኪም እንዲህ ያለ ውሻ ሲቀርብለት «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ምኑን ያመዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ያበጠው ብልት ወደ ውጭ ወጥቶ ቢደርቅ፣ ውሻው እየላሰ ቢያቆስለው ወይም ሽንት ቢከለክለው በማደንዘዣ ይቆረጣል። በሆድ የቀረ የወንድ ፍሬ ዕጢ ሊያመጣ፣ ማሕፀንም መግል ሊቋጥር ስለሚችል፣ እነዚህን ማውጣት ይመከራል፤ ይህም በዘር የሚወርደው ነገር እንዳይቀጥል ያደርጋል። ሕመም የሌለበትን ግን ለዓይን እንዲያምር ብሎ መቁረጥ ሕክምና አይባልም። ሐኪም በማይደርስበት መንደርም ባለቤቱ የውሻውን ሽንት፣ ቁስልና የሆድ እብጠት ሊከታተል ይችላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ሕመምን ከኀፍረት መለየትን ነው። ሕመሙ የእንስሳው ነው፤ ኀፍረቱ ግን የእኛ ነው። ስለ እኛ ኀፍረት ሌላው ሊቆረጥ ወይም ሊባረር አይገባም።

በሰው ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ውሻ ስለ ገላው ሊጠየቅ ስለማይችል እኛ እንወስንለታለን፤ እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ግን አድጎ አፍ ያወጣል። ሕይወቱን የሚያሰጋ ወይም የሚያሠቃየው ነገር ካልኖረ፣ ስለ ራሱ ገላ ራሱ እስኪናገር መታገሥ ይገባል። እስከዚያ ድረስ የወላጆቹ ተግባር ማሳደግ፣ የጎረቤቶቹም ተግባር አፈጣጠሩን መሳደቢያ አለማድረግ ነው።