ሃምሳ ሎሚና የአንድ ልጅ ልብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ሎሚው ከሃምሳ አልጎደለም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። የአንዱን ጀርባ የሚያጎብጠው ዕቃ ሲከፋፈሉት በመዳፍ ተይዞ ይሸተታል፤ በጥምቀትም ለኮረዳ ይወረወራል። ስለ ኅብረት በተነሣ ቁጥር ይህን ተረት እንጠቅሳለን፤ ሁላችንም እውነት ነው ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሆኖም የታመመ ልጅ አዝለው የሆስፒታል ደጅ ከሚጠኑ ወላጆች ሸክም ጋር አስተያይቶ ለመረመረው፣ ተረቱ ሁለት ነገር ሳይናገር ያልፋል። አንደኛው ሎሚውን ማን ቆጥሮ እንደሚረከብ ነው፤ ሁለተኛው ስንት ጊዜ መዋጣት እንዳለበት ነው። ቤተሰቦች የሕፃናትን ጤና የሚረዱ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከልብ መደገፍ ከፈለጉ፣ ቁም ነገሩ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

የልብ ሕመምን እንውሰድ። በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው የጉሮሮ ቁስለት ነው። በጊዜው ፔኒሲሊን ሳያገኝ የቀረ የባክቴሪያ ቁስለት በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱም የልብን ቫልቭ እያበላሸ ይሄዳል። ትናንት ከብት ሲያግድ የዋለ ልጅ ዛሬ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተኝቶ መተንፈስ ስለሚያቅተው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ወጪው ደግሞ የገበሬ ማሳ ቢሸጥ አይሸፍነውም። ሃምሳው ሎሚ በአንድ ትከሻ ላይ የወደቀው እዚህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲያቋቁሙ፣ ልጆቹን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር መላክ ግድ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ ራሱ፣ የአንድ ሰሞን ርኅራኄ ብቻውን ሆስፒታል እንደማያቆም ይመሰክራል።

የሌላ አገር ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በ1938 በአሜሪካ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያቋቋሙት የፖሊዮ መከላከያ ድርጅት ከእያንዳንዱ ቤት የለመነው አሥር ሳንቲም ብቻ ነበር። ሳንቲሙ በፖስታ እየታሸገ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጎረፈ፤ ሲቆጠር ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ባለ አሥር ሳንቲም ሆነ። በ1950 የፊኒክስ ከተማ እናቶች በየሰፈሩ ሲዞሩ፣ ለመስጠት የፈቀደ ቤተሰብ የበረንዳውን መብራት አብርቶ ይጠብቃቸው ነበር። በ1955 የዶክተር ሳልክ የፖሊዮ ክትባት መሥራቱ ሲበሠር፣ ከጀርባው የ17 ዓመት መዋጮ ነበረ። አሥር ሳንቲሙን ክትባት ያደረገው ተቀብሎ የሚቆጥርና በሥራ ላይ የሚያውል ድርጅት መኖሩ፣ ሰጪውም በየዓመቱ መመለሱ ነው።

እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። እድር አለን። በየወሩ ደብተሩ ይገለጣል፣ ስም ይጠራል፣ ያልከፈለ ይቀጣል። ለቀብር ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ ለሕይወትም ያንኑ ሥርዓት ማዋል ይችላል። ሕመሙ ራሱ የእድር ዓይነት ቀጠሮ አለው፦ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ እንዳያገረሽበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ እየዋጠ ደሙን ይመረመራል። በዓል ጠብቆ የሚመጣ ስጦታ ይህን ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከደመወዙ ላይ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁርጥ ያለች የወር መዋጮ ቢመድብ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ልግስና ይልቅ ይጠቅማል። ገንዘብ የሌለውም ባዶ እጁን አይደለም። የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ደም ይፈልጋል፤ ጤነኛ ጎልማሳ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ከክፍለ ሀገር ልጇን ይዛ ለመጣች እናት የማደሪያ ጥግና ትኩስ ምግብ መስጠትም ከመዋጮው ይቆጠራል።

«ሕክምና የመንግሥት ግዴታ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ግዴታውንም መጠየቅ ይገባል። ሆኖም የልጁ ቫልቭ በጀት እስኪጸድቅ አይጠብቅም፤ ድርጅቶቹም ብዙ ጊዜ መንግሥት ኋላ የሚሄድበትን መንገድ ቀድመው ይጠርጋሉ። «ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ሥጋት የበለጠ ይከብዳል፤ መልሱ ግን እጅን መሰብሰብ ሳይሆን ሒሳብ መጠየቅ ነው። የእድር አባል ገንዘብ ያዡን ዓይን ዓይኑን እያየ እንደሚጠይቀው፣ ለጋሽ ቤተሰብም የኦዲት ሪፖርት እንዲያይ፣ ስንት ልጅ እንደታከመ እንዲነገረው ይጠይቅ። ሦስተኛው፣ «ፎቶውን ላየሁት ልጅ በቀጥታ ብሰጥ አይሻልም?» የሚለው ነው፤ አገር ውስጥም በውጭም ያለው ወገናችን እንዲህ ብዙ ልጅ አሳክሟል፣ ይመስገን። ግን ፎቶ የሚያነሣለት ዘመድ፣ የሚለጥፍለት ስልክ ያላገኘው ልጅስ? ለእሱ በተራው የሚደርስለት፣ ስም ዝርዝር ይዞ የሚጠብቅ ድርጅት ነው። ኑሮ የከበደበት ቤተሰብ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን ልጅ ያስታምም፤ ተረቱም ከአንድ ሰው አንድ ሎሚ እንጂ ቅርጫቱን አልጠየቀም።

ተረቱ እንግዲህ ፈተናውን ያልፋል፤ ነገር ግን ሃምሳው ሰው በየወሩ ሲመጣና ቅርጫቱን የያዘው ሰው ሲታመን ነው። ሎሚው ከሃምሳ አይጎድልም ብለናል። አርባ ዘጠኙ መጥተው አንዱ ቢቀር፣ የሱ ሎሚ የትም አይጠፋም፤ ልጇን ባዘለችው እናት ጀርባ ላይ ይጨመራል።