ስለ ስለትና ስለ ረቂቅ ምልክት መለኪያ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ሲቃረብ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ የመንገደኛ ማረፊያ የሆነችው ድሬዳዋ፣ ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ በምስጋና እንዳሠሩት ወደሚነገረው ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን ምእመን ተቀብላ ታሳልፋለች፤ ከዚያም ሕዝብ መካከል ልጅ አግኝቶ ወይም ከደዌ ተፈውሶ ስለቱን ሊያስገባ የሚሄደው ሰው፣ ልመናዬ ተሰማ ብሎ በፍጹም ልቡ ይመሰክራል። ተጠራጣሪው ግን፣ ሳይሳሉም የሚወልዱና ከደዌ የሚድኑ ብዙዎች ናቸውና፣ ይህ የመሰማት ምልክት ከዓለም ሁካታ በምን ይለያል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን ክህደት ነው ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በቅንነት ሊጠየቅ የሚገባ፣ አማኝም ራሱ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይኸው ጥያቄ በሌላ መልኩ ለፊዚክስ ሊቃውንት ቀርቦላቸው ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ዲክ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ መቀበያው ራሱ የሚፈጥረው ሁካታ ሊለካው ከፈለገው ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር እጅግ የበረታ መሆኑን ባየ ጊዜ፣ ሁካታውን ጸጥ ለማሰኘት አልደከመም፤ መቀበያውን በየሰከንዱ 30 ጊዜ ከአንቴናው ወደ አንድ ማነጻጸሪያ እያመላለሰ፣ በዚያ ምት የሚለዋወጠውን ብቻ ለይቶ ለካ እንጂ። ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር የሚባለው ማጉያም የሚሠራው በዚህ ሥርዓት ነው። የሚመረመረው ብርሃን በሚሽከረከር ጥርሳም ጎማ አማካይነት በተወሰነ ምት ይከፈታል፣ ይጋረዳል፤ ምቱም ከኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ እንዲርቅ ተደርጎ ይመረጣል። ከዚያም መሣሪያው ብርሃኑ ሲከፈት የገባውን ሁሉ ይደምራል፤ ሲጋረድ የገባውን ሁሉ ይቀንሳል። ምልክቱ በመደመሩ ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ ይጠራቀማል፤ ምቱን የማያውቀው ሁካታ ግን በመደመሩም በመቀነሱም ጊዜ እኩል ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ በዚህም ሺህ ጊዜ በሚበልጠው ሁካታ ውስጥ የተሰወረ ምልክት ይገለጣል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ የተረፈውን ሁካታ በግማሽ ለመቀነስ የሚጠበቀው ጊዜ አራት እጥፍ መሆን አለበትና።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚይዘው መቀነሱ ነው። መሣሪያው የገባለትን ብቻ እየደመረ በጨለማው ጊዜ የገባውን ሳይቆጥር ቢያልፍ፣ አንዳች ምልክት ሳይኖር ሁካታው ብቻ ምልክት መስሎ ይታየው ነበር። የሰመረውን ስለት ብቻ አስቦ ያልሰመረውን የሚረሳ ልቡናም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛው መልስ ቢመጣለት እንኳ ከአጋጣሚው ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ስለታቸው ሳይሰምር ወደ ቁልቢ የሚወጡት እናቶች ምስክርነት በእኔ ዘንድ ከሰመረላቸው ምስክርነት አያንስም። በድሬዳዋ ጎሕ ሲቀድ የሚሰሙት አዛንና ቅዳሴም ለተደሰተውም ለተከዘውም በታወቀው ሰዓት የሚጠሩ ናቸውና፣ የጸሎት ሰዓታት የተሠሩት ሁለቱንም ዘመን እኩል ለመቁጠር ይመስለኛል።

ሌላም ፈተና አለ። የመሣሪያው የራሱ ምት በሽቦ ሾልኮ ወደ መግቢያው ቢገባ፣ መሣሪያው የራሱን ድምፅ ሰምቶ አገኘሁ ይላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ጎማው እየዞረ ሳለ ብርሃኑን ፈጽሞ ይጋርደዋል፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ካልወረደም ያገኘውን ቁጥር ይጥላል። እግዚአብሔርን መጋረድ የሚቻለው ፍጡር የለምና፣ እዚህ ላይ የመሣሪያው ምሳሌነት ያበቃል። ነገር ግን ከጸሎቱ የሚሰማው መልስ ዘወትር ከገዛ ፈቃዱ ጋር የሚስማማለት ሰው፣ የሚሰማው ራሱን እንዳይሆን ሊፈራ ይገባዋል።

ወደ ቁልቢ የምትወጣ ወንድሜ ሆይ፣ የምትወጪ እኅቴ ሆይ፣ በሚመጣው ታኅሣሥ የሰመረላችሁን ስለት ስትመሰክሩ ያልሰመረላችሁንም አብራችሁ መስክሩ።