ያልተፈጸመ ቃል ጌጥ ይሆናልን?

ለመሆኑ አንድ የተሰጠ ቃል ሳይፈጸም ስንት ዘመን ቢቆይ ነው «ቅርስ» የሚባለው? ጥያቄውን ያነሣነው እኛ አይደለንም፤ አንዲት ባልቴት ናቸው ያነሡብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ ጓደኛችን ከሴት አያቱ ሣጥን ያገኛቸውን ሦስት የአክሲዮን ወረቀቶች ወደ መኝታ ክፍላችን ይዞ መጣ። ወፈር ያሉ፣ ዙሪያቸው ሐረግ የተሣለበት፣ ቁጥርና ማኅተም ያላቸው ወረቀቶች ናቸው። የገዟቸው ሟቹ ባላቸው ሲሆኑ፣ ገንዘቡም ከመምህርነት ደመወዛቸው የቆጠቡት ነበር። ማኅበሩ በጥር 1967 ዓ.ም. መንግሥት ከወረሳቸው ድርጅቶች አንዱ ሆነና ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ቀረ። እኛም የድሮ አክሲዮን የሚሰበስቡ ሰዎች ውጭ አገር እንዳሉ ሰምተናልና «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሽጠዋ!» አልነው። ሄዶ አያቱን አማከራቸው። «ልጄ፣ የሰው እጅ ያለ ገንዘብ ይሸጣል እንዴ? የሚከፍሉን ቀን ምን ልናሳይ ነው?» አሉት።

ሲነግረን ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣን።

መሰብሰብ በራሱ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ በሆላንድ አገር፣ በሆርን ከተማ ቤተ መዛግብት ውስጥ፣ በ1606 የተጻፈ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የድርሻ ሰነድ አገኘ። እስካሁን ከሚታወቁት የአክሲዮን ሰነዶች ሁሉ ቀደምቱ ነው። ይኸው ኩባንያ በ1621 ለቅመም ንግድ ሲል የባንዳ ደሴቶችን ሕዝብ ፈጅቷል። የኩባንያው ገንዘብ ከነማን ኪስ እንደወጣ የሚመሰክረው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ያቆየው ሰው ባይኖር ኖሮ ምስክሩም ባልኖረ።

ጊዜ አልፎበት በእውነት ቅርስ የሆነ ወረቀትም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በሰጡት ፈቃድ የተቋቋመው የባቡር ኩባንያ አክሲዮኑን ለፈረንሳይ ሰዎች ሸጠ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያውም ከሰረ። አዲስ አበባ ያደረሰው በ1908 የተተካው ሌላ ኩባንያ ነው፤ ያውም በ1917። ዛሬ የዚያ የከሰረው ኩባንያ ወረቀት ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይዞራል፤ የሚከፋ ሰው ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ሐዲዱን በበረሃ ሐሩር ያነጠፉት ሠራተኞች ስም በወረቀቱ ላይ የለም። በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይህም መታሰብ አለበት።

ጊዜ ብቻውን ግን ዕዳን አይፍቅም። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 የዛሩን ብድር አልከፍልም ብሎ ነበር፤ በፈረንሳይ ብዙ ቤተሰቦች የብድር ወረቀታቸውን እንደታቀፉ ቀሩ። አንዳንዱ ወረቀት መስተዋት ገብቶለት የሳሎን ጌጥ ሆነ። በ1996 ግን ሩሲያ ለፈረንሳይ 400 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማማች። እነሆ፣ «ሞቷል» የተባለው ወረቀት ከ78 ዓመት በኋላ ተናገረ!

ከመካከላችን የኢኮኖሚክስ ተማሪው ተቃወመን፦ «ብድርና አክሲዮን አንድ አይደሉም። አክሲዮን ድርሻ ነው፤ ድርጅቱ ሲከስር ባለድርሻውም አብሮ ይከስራል።» ልክ ነው። የባቡሩ ባለአክሲዮኖች የገቡበትን አደጋ አውቀው ገቡ፤ ከሰሩ፤ አለቀ። የመምህሩ ማኅበር ግን ከስሮ አልተዘጋም፤ ተወስዶ ነው። መክሰርና መወሰድ አንድ ናቸው እንዴ?

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይህ ነው፦ ቃል ቅርስ የሚሆነው ቃል ሰጪው ስለረሳው አይደለም፤ የተሰጠው ሰው ሲተወው ነው። ባለመብቱ እየጠበቀ ሳለ ወረቀቱን ጌጥ ማድረግ በሰው ተስፋ ቤት ማሳመር ይሆናል።

ስለ አያያዙም ጠይቀን ነበር። ፕላስተር አይለጠፍበት፤ ፀሐይ አያግኘው፤ በላሚኔት አይታሸግ፤ የተቆረጠው ኩፖንና ለመሰረዣ የተበሳው ቀዳዳ እንዳለ ይቆይ ይላሉ። ምክሩን ወደድነው፤ ወረቀቱ የደረሰበትን ሳይደብቁ ማቆየት ነውና።

እኛም አልሸጥንም። ፎቶግራፍ አነሣነው፤ ማን በምን ደመወዝ እንደገዛው አያትዮዋ እየነገሩን በሌላ ወረቀት ጽፈን አብረን አኖርነው። በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ድርሻ የሚመዘገበው በኤሌክትሮኒክ ነው፤ የእኛ የልጅ ልጆች ሣጥን ቢከፍቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ላያገኙ ይችላሉ። ያኔ «የሰጣችሁን ቃል የታለ?» ቢሉን ምን እናሳያቸው ይሆን? አንባቢ ያስብበት።

ወረቀቶቹን ስንመልስላቸው አያትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ። «ሦስቱም አሉ» አሉና ሣጥኑን ቆለፉት።