በቁጥር የሚዳኝና የማይዳኝ

መሐንዲሶች በንድፍ ሲለያዩ እውነቱ የማን ነው? በዓባይ ወንዝ ላይ፣ ጉባ የቆመው የሕዳሴ ግድብ ይህን ጥያቄ አጥብቆ አንስቶታል።

ግድቡን ሊመረምር እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን 10 አባላት ነበሩት፤ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ ሁለት ሁለት፣ ከሌላው ዓለም አራት። በግንቦት 2013 ባቀረቡት ሪፖርት ተጨማሪ ጥናቶች እንዲደረጉ ጠየቁ። በ2015 ሦስቱ አገሮች ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ፣ ኢትዮጵያ የቡድኑን የደኅንነት ምክሮች ለመተግበር ያደረገችውን ጥረት በአድናቆት መዝግቧል። በውሃው አለቃቀቅ ላይ ግን ስምምነት አልተገኘም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመሠረት ዓለት ጥንካሬ ይለካል፤ በድርቅ ዘመን ማን ስንት ውሃ ይልቀቅ የሚለው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው፣ ስሌት ብቻውን አይዳኘውም።

በሚለካው ነገር መረታት ለባለሙያ ነውር አይደለም። አገሩን ወክሎ የተቀመጠ መሐንዲስ ግን ተረታሁ ለማለት ድፍረት ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አገሮች ውጭ የመጡት አራቱ ባለሙያዎች ጥቅማቸው በተለይ እዚህ ላይ ነበር።