የሚቆም ሠረገላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ ሆይ፥ በዚህ በዐቢይ ጾም ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን 55 ቀን ትተሃል። እሰየው! ዓይንህስ ጾሟል ወይ? መኪናህን የገዛኸው አምና ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። ታዲያ ከጎንደር ወደ ፀዳ ስትወርድ ባልንጀራህ በአዲስ መኪና ሽው ብሎ ቢያልፍህ እንቅልፍ አጣህ። «ገንዘብ ጨምሬ በፈጣኑ ልለውጠው» አልህ። የያዝኸው ምን በደለህ?

እስቲ ያንን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስታውስ። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስለ ሠረገላው ፍጥነት የተጻፈ ነገር የለም። ተቀምጦ ኢሳይያስን ማንበቡ ግን ተጽፏል። እግረኛውን ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠው፤ ውኃ ባየ ጊዜም ሠረገላውን አስቁሞ ወርዶ ተጠመቀ። ሠረገላው የሚታወሰው በመሮጡ ሳይሆን በመቆሙ ነው። ያንተስ ለማን ይቆማል? ፀዳ ላይ ታማሚ ልጅ አዝላ መንገድ ዳር ለቆመች እናት ይቆማል ወይ?

ያው ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛ ጾም ለተራበ ማካፈል መሆኑን ያስተምራል።

መኪና መግዛት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ልትጨምር ያሰብኸውን ገንዘብ እስከ ፋሲካ አቆየው፤ ከላዩም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ቀንስላቸው። ከዚያ በኋላም ልብህ እንቢ ካለህ ከመኪና ሻጩ በፊት የንስሐ አባትህን አማክር።

አምላካችን ከምኞት ሩጫ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።