እኛን ማን አባሮን?

የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የጥድፊያ ምግብ ነው ይባላል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እንደሚነግረን፣ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ፋታ አልነበራቸውም። ቂጣና ንፍሮ ቀማምሰው ወጡ ይላሉ አባቶች፤ ጉልባኑ የዚያ መታሰቢያ ነው። ታዲያ የጥድፊያ መታሰቢያ እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ስንዴው ይፈተጋል፣ ረቡዕ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ሐሙስ በጠዋት ይጣዳል።

ልጅ ሳለሁ አክስቴን ጠይቄያት ነበር። «ቸኩለው የወጡት እነሱ ናቸው፤ እኛን ማን አባሮን?» አለችኝና ከሰሏን ማራገብ ቀጠለች።

ያኔ የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ማሰብና ማስመሰል ይለያያሉ። የእስራኤልን ድንጋጤ ልንደነግጥ አንችልም፤ እኛ ብንቸኩል እንኳ ታክሲ እንዳያመልጠን ነው። ያለን ጊዜ ነው፤ የምንሰጠውም እሱን ነው።

መጀመሪያ ስንዴው ብቻውን ይጣዳል። የባቄላው ክክ አብሮ ከገባ ስንዴው ሳይበስል እሱ ገንፎ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እሳት ቢጨምሩበት ከዚያ በላይ አይግልም። በጾም ስለሆንኩ አልቀምሰውም። በጭልፋ አንድ ፍሬ አወጣና በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እጨፈልቀዋለሁ። መሐሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነጥብ ከታየ ገና ነው።

ፕሬዠር ኩከር አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ሽምብራ የምቀቅለው በእሱ ነው። ለጉልባን መጠቀም ኃጢአት ነው የሚል ቀኖና አላውቅም፤ የሚጠቀሙትንም አልነቅፍም። እኔ ግን ክዳኑን ቆልፌ ከሄድኩ የምመለሰው ወደ ስልኬ ነው። ድስቱ ግን ይጠራኛል፦ አረፋው ይገፈፋል፣ የፈላ ውኃ ይጨመራል፣ ይማሰላል። ባማሰልኩ ቁጥር አንድ ኪርያላይሶን ከአፌ ይወጣል። ድስቱ ባይጠራኝ ኖሮ እልው ነበር? እጠራጠራለሁ። በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ ያመለጣት ሴት ምን እንደምታደርግ መጽሐፍ ጽፎ እንደሆነ አላየሁም፤ ማማሰያዋ ግን በእጇ ነው።

ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በዛ ብሎ። እንድንጠማ ነው፣ በመስቀል ላይ የተጠማውን እያሰብን። እዚህ ላይ በየዓመቱ ክርክር አለ፤ ደም ግፊት ላለባት ጎረቤቴ ጨው ከመግባቱ በፊት ቀንሼ አወጣላታለሁና። «ታዲያ መጠማቱ የታለ?» ይሉኛል የቤቴ ሰዎች። እሷ እኮ ጨው የምትጾመው ዓመቱን ሙሉ ነው። እንዲያውም ድርሻዋን ሞላ አድርጌ ነው የምልክላት።